«ደደብ» ያላችሁትን ልጅ መምህር አድርጉልን!

ወገን፣ ዛሬ ስለ አንድ ስድብ እናውራ። «ደደብ» ስለሚባለው።

መርሳ ከተማ ላይ አውቶቡስ ቆም ሲል ፍራፍሬ ይዞ ወደ መስኮቱ የሚሮጥ ልጅ አለ እንበል። የሦስት ሰው ሒሳብ በቃሉ ደምሮ መልስ ይሰጣል፤ ሳንቲም አይስትም። ክፍል ውስጥ ግን «ሉ» እና «ሊ» ይምታቱበታል። ልዩነታቸው እኮ አንዲት ጭረት ናት፦ መሃል ናት ወይስ ታች? ገበታው ላይ ደግሞ እንዲህ ያሉ 231 ፊደላት ተደርድረዋል። መምህሩስ ምን ይላል? ያንኑ ስድብ!

ነገሩ ስም አለው፤ ዲስሌክሲያ ይባላል። ከመማር እክሎች አንዱ ነው እንጂ የአእምሮ ማነስ አይደለም። ፊደልን ከድምፁ ጋር ማገናኘት ይከብዳል፣ በቃ። መነጽር አያድነውም፤ ኩርኩምማ ጭራሽ! ቀስ ብሎ፣ በቅደም ተከተል፣ እየደጋገመ የሚያስተምር ሰው ግን ይረዳዋል።

ሰሜን ወሎ ላይ ደግሞ ነገሩ ይወሳሰባል። በ2012 ኮሮና፣ በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ትምህርት አቋርጠዋል። ታዲያ ማንበብ ያቃተው ልጅ ትምህርት ስላመለጠው ነው ወይስ እክል ስላለበት? ይህን የሚለይ መምህር ያስፈልጋል።

እኛ የምንለው፦ ከነዚህ መምህራን መካከል በራሱ ላይ ያየው ሰው ይኑር። «የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም» ይባል የለ? ማንበብ እንደ ውሃ የወረደለት መምህር «ሰነፍ ነህ» ማለት ይቀናዋል። በዚያ መንገድ ያለፈ ግን ልጁ የት ጋ እንደሚደናቀፍ ያውቃል። በርግጥ እክል መኖሩ ብቻ መምህር አያደርግም፤ ሥልጠናውም የግድ ነው። ችግሩ ወደ ሥልጠናው የሚያስገባው በር በፈተና ሰዓት መቆለፉ ነው።

«ማንበብ የሚቸገር ሰው እንዴት ያስተምራል?» ትሉን ይሆናል። እኛም እንጠይቃችሁ፦ ዓይነ ስውር መምህር እንዴት ያስተምራል? በብሬል፣ በአንባቢ፣ በቃሉ! በዚህች አገር ዓይነ ስውራን መምህራን ስንት ትውልድ አስተምረዋል፤ ዛሬ ማንም አይገረምም። ለዲስሌክሲያ ሲሆን ለምን እንገረማለን? እክሉ ስለማይታይ!

ሕጉም ቢሆን የሚታየውን ይመርጣል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ አንቀጽ 24 ላይ፣ አካል ጉዳተኛ መምህራንም ጭምር ይቀጠሩ ይላል። ሲዘረዝር ግን የምልክት ቋንቋንና ብሬልን ነው የሚጠራው። የእኛው የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ ሁኔታዎችን እንዲያመቻች ያዛል። ትርጉሙ ላይ የአካል፣ የአእምሮና የስሜት ሕዋሳት ጉዳት ይላል፤ የመማር እክል የሚል ስም ግን የለም። እንግዲህ የመርሳው ልጅ አድጎ «እኔም አለሁበት» ቢል በምን ወረቀት ያስረዳ? ልጅ ሆኖ የሰጡት ስም «ደደብ» ብቻ ነው!

መፍትሔው ሰማይ አይነካም። የመምህራን ማሠልጠኛ መግቢያና የሙያ ፈቃድ ፈተና ላይ ተጨማሪ ሰዓት ይሰጠው። ጥያቄው ይነበብለት። የመማር እክል በመመሪያው ውስጥ በስሙ ይጠራ። መለኪያው ይውረድ አላልንም፤ የምትለኩት የማስተማር ችሎታን ይሁን እንጂ የንባብ ፍጥነትን አይሁን ነው ያልነው።

«የልዩ ፍላጎት መምህር አጣን» የምትሉ ባለሥልጣናት ሆይ፣ ሰው አላጣችሁም። ከአንደኛ ክፍል ጀምራችሁ ስታባርሩት ነው የኖራችሁት!

ቸር እንሰንብት።