ስለ በር ዘበኛውና ስለ መዝገብ ቤቱ ጸሐፊ

ሕግን ማክበር አንድ ነገር ነው፤ ሰውን በፍርሃት አሳልፎ መስጠት ግን ሌላ ነው።

የአሜሪካ መንግሥት በትምህርት ቤትና በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስደተኛ መያዝን ይገድብ የነበረውን መመሪያ በጥር 2017 ዓ.ም. ሽሯል። ስለዚህ ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ ልጁን ለትምህርት ወደዚያ የላከ አባት፣ ተስፋው በዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ብቻ ሳይሆን በበሩ ዘበኛና በመዝገብ ቤቱ ጸሐፊም ላይ ነው።

እነዚህ ሠራተኞች ሊዋሹ፣ ሰው ሊሰውሩ ወይም ሊይዝ የመጣውን ሹም በጉልበት ሊከለክሉ አይገባም። ነገር ግን የያዘውን ወረቀት ይጠይቁ፤ ዳኛ የፈረመበት ትእዛዝና የስደተኞች መሥሪያ ቤት ሹም ብቻ የፈረመበት ወረቀት እኩል አይደሉምና። ለዩኒቨርሲቲው የሕግ ክፍል ሳያስታውቁ የተዘጋ በር አይክፈቱ። በ1966 ዓ.ም. የወጣው የአገሩ ሕግ ያለ ተማሪው ፈቃድ መዝገቡን መግለጥ ስለሚገድብ፣ እርሱንም በቃል ጥያቄ ብቻ አይስጡ።

በኦሪት ስድስቱ የመማፀኛ ከተሞች የተለዩት ነፍሰ ገዳይን ከፍርድ ለማስመለጥ አይደለም፤ ተከሳሹ በማኅበሩ ፊት ለፍርድ ሳይቆም እንዳይገደል ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዝዛል። እንግዲህ ለልጆቻችን በባዕድ አገር የምንመኘውን፣ በእኛም ኮሌጆች ለሚማረውና ለሚያስተምረው እንግዳ ልናደርግለት ይገባል።