የታክሲ ትርፍ ክፍያና የተሳፋሪው ዝምታ



ስለ ታክሲ ዋጋ መጻፍ ለአንዳንዶች የተናቀ ጉዳይ ይመስላቸው ይሆናል። የተማሪ ማኅበር ጋዜጣ ስለ ትምህርት ደረጃና ስለ አገር ዕድገት ሲጽፍ ይከበራል፤ ስለ 5 ብር ሲጽፍ ግን ይሳቅበታል። እኛ ሳቁን ተቀብለን ለመጻፍ ቆርጠናል። ከወላጆቹ ቤት እየተመላለሰ የሚማረው ወንድማችን፥ የማታ ትምህርቷን ጨርሳ በጨለማ ተራ የምትጠብቀው እኅታችን፥ ከመምህራኖቻችንም ብዙዎቹ በየቀኑ የሚፈተኑበት ነገር ይህ ነውና።

በመጀመሪያ ብልሃቱን እንመልከት። የአዲስ አበባ የሚኒባስ ታክሲ ዋጋ በከተማው አስተዳደር ተወስኖ በርቀት የሚከፈል ነው። ታሪፉ በደረጃ ስለሚሄድ፥ የመጀመሪያዋ አጭር መንገድ በኪሎ ሜትር ስትሰላ ከረጅሙ መንገድ ትወደዳለች። ትርፉ የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። ለምሳሌ ያህል ከአራት ኪሎ እስከ መገናኛ ዋጋው 15 ብር፥ የአጭሩ መንገድ ዋጋ ደግሞ 10 ብር ነው እንበል። ታክሲው በጣሪያው ላይ «መገናኛ» የሚል ታፔላ ተሸክሞ ሳለ፥ ረዳቱ «ቀበና! ቀበና!» እያለ ይጠራል። 10 ብር ይሰበስባል። ቀበና ሲደርሱ «መገናኛ የምትሄዱ ሌላ 10 ብር» ይላል። ከመቀመጫው የተነሣ ሰው የለም፤ መኪናውም ያው ነው፤ ሾፌሩም ያው ነው። የተቆረጠው በወሬ ብቻ ነው። በዚህ ዓይነት 10 ሰው ቢሳፈር በአንድ ጉዞ 50 ብር ያለ አግባብ ተወሰደ ማለት ነው። ጧትና ማታ የሚመላለስ ተማሪም በወር 22 ቀን ቢማር 220 ብር ይከፍላል። ይህን ያህል ገንዘብ ለተማሪ ስንት ቀን ምሳ እንደሚሆን እያንዳንዱ በኪሱ ያስላው።

ሌሎቹን መንገዶች ሁሉም ስለሚያውቃቸው አንዘረዝራቸውም። ሲመሽ ይጨምራል፤ ሲዘንብ ይጨምራል፤ ለሦስት ሰው በተሠራ መቀመጫ ላይ አራተኛ ሰው «ጠጋ ጠጋ በሉ» ተብሎ ይጫናል፤ መልስ ሲጠየቅ «ዝርዝር የለም» ይባላል። ታሪፉ ሊለጠፍበት በሚገባው ቦታ ላይም ብዙ ጊዜ የምናነበው የቀልድ ጥቅስ ነው። ጥቅሶቹ ያስቁናል፤ ግን ሒሳብ አይነግሩንም።

ይልቁንም የሚያሳስበን የተሳፋሪው ጠባይ ነው። አንድ ሰው ደፍሮ «ታሪፉ ይህ አይደለም» ሲል፥ የሚጠብቀው የረዳቱ ስድብ ብቻ አይደለም። ከኋላ መቀመጫ «ለ5 ብር ብለህ ነው የምታስረፍደን?» የሚል ድምፅ ይመጣል። ያ የተናገረው ሰው እርሱም 5 ብር ተወስዶበታል! በድሮ ዘመን ሁለት ሰዎች በመንገድ ሲጣሉ አንዱ «በሕግ አምላክ» ካለ ሌላው ይቆም ነበር፤ መንገደኛውም ተጠርቶ ለዳኝነት ይቀመጥ ነበር። ዛሬ በአንድ ታክሲ ውስጥ አሥር ዳኞች ተቀምጠው ሁሉም በመስኮት ወደ ውጭ ይመለከታሉ። ቀደም ሲል ተሳፋሪው ፊት ለፊት እየተያየ የሚቀመጥባቸው ታክሲዎች ነበሩ፤ ስማቸውም «ውይይት» ነበር። አሁን የምናየው የፊተኛውን ሰው ማጅራት ስለሆነ ይሆን የማንነጋገረው?

«ዝም አይነቅዝም» ይላሉ አባቶቻችን። ለምሥጢር ከሆነ እውነት ነው። በታክሲ ውስጥ ግን ዝምታ ይነቅዛል፤ ትናንት ዝም ብለን የከፈልነው ትርፍ ዛሬ መደበኛ ዋጋ ሆኖ ይጠብቀናልና። ሁሉም ሰው ዝም የሚለው ደግሞ በግዴለሽነት ብቻ አይደለም። ማታ በሁለት ሰዓት አንዲት ተማሪ ዋጋ ጠይቃ «ካልተመቸሽ ውረጂና ኮንትራት ያዢ» ስትባል፥ የምትወርድበት ቦታ መብራት የሌለው ጎዳና ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ትከፍላለች። እርሷ የከፈለችው ለመንገዱ ብቻ አይደለም፤ ላለመውረድም ጭምር ነው። በስልክ የሚጠሩት መኪኖች ዋጋቸውን አስቀድመው ያሳያሉ፤ ነገር ግን የእርሷ ኪስ በየማታው አይደርስባቸውም። ይህ ነገር የ5 ብር ጉዳይ ነው የሚሉን ሰዎች ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው።

ስለ ባለ ታክሲዎቹም እውነቱን መናገር ይገባናል። ረዳቱ የምንሰድበው ሰው ይሁን እንጂ ከሁሉ በታች ያለው እርሱ ነው። የመኪናው ባለቤት በየቀኑ የሚጠብቀው ገቢ አለ፤ ተራ አስከባሪው የሚቀበለው አለ፤ የጎማው፥ የመለዋወጫው፥ የነዳጁ ዋጋ አለ። ይህ ሁሉ ሸክም መሆኑን አንክድም። የምንክደው ሸክሙ የሚወርድበትን ቦታ ነው። አቤቱታ እንዴት እንደሚቀርብ ባለ ታክሲዎቹ ከእኛ የተሻለ ያውቃሉ። በ1966 ዓ.ም. የነዳጅ ዋጋ በግማሽ ያህል ሲጨምር፥ የካቲት 11 ቀን የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ። በዚያው ቀን መምህራንም የትምህርት ዘርፉን የጥናት ክለሳ በመቃወም ሥራ አቁመው ነበር፤ ተማሪውም ጎዳና ወጥቶ ነበር። ጥቂት ቀናት ሳያልፉ የነዳጁ ዋጋ እንዲቀንስ ተደረገ። በየካቲት 2008 ዓ.ም. ደግሞ ሾፌሮቹ በመንጃ ፈቃድ ላይ ነጥብ የሚያስቆጥረውን የቅጣት ደንብ ተቃውመው ሥራ ሲያቆሙ፥ የደንቡ አፈጻጸም ለጊዜው ተላለፈ። ሁለቱንም ጊዜ አቤቱታቸውን ያቀረቡት መልስ ሊሰጥ ለሚችለው ክፍል ነበር። ዛሬ ግን ኑሮ ሲከብዳቸው አቤቱታው የሚቀርበው ለተሳፋሪው ነው፤ ያውም በአቤቱታ መልክ ሳይሆን በሒሳብ መልክ።

ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት የነዳጅ ድጎማን ደረጃ በደረጃ ማንሣት ሲጀምር፥ የሕዝብ ማመላለሻ መኪናዎች ተለይተው እንዲደጎሙ መደረጉንም እናስታውሳለን። ያ ገንዘብ የወጣው ከሕዝብ ካዝና ነው፤ የወጣበትም ምክንያት የጉዞ ዋጋ በሕዝቡ ላይ እንዳይከብድ ነው። እንግዲህ ተሳፋሪው ስለ ታሪፍ ሲጠይቅ ምጽዋት እንደለመነ ሰው አንገቱን ሊደፋ አይገባውም።

ልዩነቱ ይህ ነው፤ ባለ ታክሲዎች ማኅበር አላቸው፤ ተሳፋሪ ግን ማኅበር የለውም። ቁጣው እንደ ተሳፋሪው በየፌርማታው ይወርዳል። በታክሲ ውስጥ የተጮኸ ጩኸት በሩ ሲከፈት ያልቃል፤ ማንም መሥሪያ ቤት «አንድ ነጭና ሰማያዊ ታክሲ በደለኝ» የሚል ማመልከቻ ይዞ ሊመረምር አይችልም። የትኛው መኪና? በስንት ሰዓት? ከየት ወዴት? ስንት ተጠየቀ፥ ስንት ይገባ ነበር? ብሎ መጠየቁ የማይቀር ነው፤ ጥያቄውም ትክክል ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፥ አንድ ተማሪ ይህን ሁሉ ጽፎ ከቢሮ ቢሮ ሲዞር ከ5 ብሩ ይልቅ የትምህርት ሰዓቱን ይከስራል። በአንድ ወር ውስጥ ስለ አንድ ሰሌዳ ቁጥር ሃያ ሰዎች የጻፉት ማስታወሻ ግን በአንድ ማመልከቻ ሲቀርብ ሌላ ነገር ነው።

አንዳንድ ጓደኞቻችን ሌላ መፍትሔ አግኝተናል ይላሉ። ተሰብስበው ረዳቱን ማስፈራራት፥ ወይም «ከኋላ ተከፍሏል» ብሎ ሳይከፍሉ መውረድ። ይህን አንደግፍም። የታሪፍ መብት የሚጠይቅ ሰው ታሪፉን ከፍሎ ነው የሚጠይቀው። ከዚህም ሌላ፥ ዛሬ የተደበደበው ረዳት ነገ ያቺን ብቻዋን የምትሳፈረውን ልጅ እንደሚበቀላት ማወቅ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አንድ መዝገብ አስቀምጠናል። ቀኑ፥ ሰዓቱ፥ የሰሌዳ ቁጥሩ፥ መነሻና መድረሻው፥ የተጠየቀውና የሚገባው ሒሳብ የሚጻፍበት መስመር ተሰምሮለታል። የጻፈው ሰው ስም ለማኅበሩ ብቻ ይቀመጣል። ከመሳፈር በፊት «የት ድረስ ነው? ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ፥ ዝርዝር ብር መያዝና ቁጥሩን ከመውረድ በፊት በደብተር ጫፍ ላይ መጫር በቂ ነው። የሕግ መምህራኖቻችን በየወሩ መጨረሻ የሚዘጋጀውን ማመልከቻ እንዲያዩልን በአክብሮት እንለምናለን፤ ሌሎቹም መምህራን በታክሲ የሚመላለሱ ከሆነ መዝገቡ ለእነርሱም ክፍት ነው። የመጀመሪያው ማመልከቻ ከተላከ በኋላ የሚሰጠንን መልስ፥ መልስ ባይሰጠንም መልስ አለመሰጠቱን፥ በዚሁ ጋዜጣ እናወጣለን።

መዝገቡ እስከ ወሩ መጨረሻ ባዶ ሆኖ ከቆየ ግን ለስብሰባ ቃለ ጉባኤ እንጠቀምበታለን፤ ወረቀት ውድ ነውና።