የወሎን ደግነት የሚከፍለው ማነው?

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሰው «የወሎ ልጅ ነኝ» ሲል የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው። ፊት ሁሉ ይፈካል። «የፍቅር አገር!» ይባላል። ስለ ቆንጆዎቹ፣ ስለ ቡናው፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቤት ስለመኖሩ ይወራል። ገራገሩ ወሎ። ደሴ ተወልጄ ያደግሁ ነኝና ይህን ሙገሳ ስሰማው ኖሬአለሁ፤ ደስም ይለኛል። ከዓመት ወደ ዓመት ግን አንድ ጥያቄ እየበረታብኝ መጥቷል፤ ሙገሳው ለወሎ ሰው ምን አደረገለት?

መጀመሪያ «እውነት ነው ወይ?» ለሚለው ልመልስ። እውነት ነው። ሆኖም እንግዳ መቀበሉ ብቻውን ወሎን ከሌላው አይለየውም። መንገደኛ መሽቶበት ከደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ሲል «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ይግቡ» የማይባልበት የአገራችን ገጠር አላውቅም። ጎጃሙም ጎንደሩም የእንግዳውን እግር አጥቦ፣ ያለውን አቅርቦ፣ መደቡን ለቆ ያሳድራል። ሐረርም በአብሮ መኖር ባህሏ ከዩኔስኮ የሰላም ከተማ ሽልማት ተቀብላለች። ወሎ የሚለየው እንግዳው ከሄደ በኋላ ጎረቤትና ጎረቤት በሚኖሩት ኑሮ ነው።

ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን። ጥሩምባው ሲነፋ ሟቹ ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን የቅሬው ሰው ሁሉ ይወጣል። መቃብር የሚቆፍረው፣ እንጨት የሚፈልጠው፣ ውኃ የምትቀዳው፣ ንፍሮ የምትቀቅለው፣ ሁሉም ድርሻውን ያውቃል። ጀናዛው ሲሰገድበት ክርስቲያኑ ፈንጠር ብሎ ይቆማል። ፍትሐቱ ሲደርስ ሙስሊሙ ከቅጥሩ ውጪ ይጠብቃል። ከዚያ አብረው ተመልሰው ለቅሶ ይቀመጣሉ። ያልመጣ ይቀጣል፤ ደጋግሞ የቀረ ይወገዳል። ከቅሬ የተወገደ ሰው ቤቱ ሬሳ ሲወድቅበት ምን እንደሚሆን ማንም መጠየቅ አያስፈልገውም። የወሎ ፍቅር ከደም የሚወረስ ልስላሴ እየተደረገ ሲወራ ይህ ሁሉ ሕግ፣ ይህ ሁሉ መዋጮ፣ ይህ ሁሉ የቅጣት ደብተር ይሸፈናል። እኔን የሚከነክነኝም ይኸው ነው። ሰዎቹ ተስማምተው፣ ተጨቃጭቀው፣ ገንዘብ አውጥተው ያቆሙት ሥርዓት እንደ አየር ጠባይ ይቆጠራል።

ሠርጉንም ተመልከቱ። ሥጋ አብሮ አይበላም፤ ይህ ድንበር በወሎም አልፈረሰም። ነገር ግን ክርስቲያኑ ልጁን ሲድር ለሙስሊም ጎረቤቶቹ በሬ ወይም በግ ከነነፍሱ ይሰጣቸዋል። እነሱ በሃይማኖታቸው ሥርዓት ያርዳሉ፣ በራሳቸው ድስት ይሠራሉ፣ ከጎን በተጣለው ዳስ ተቀምጠው ይበላሉ፤ ጭፈራው ሲጀመር የሁለቱ ዳስ ሰው ይደባለቃል። ሙስሊሙም ሲድር ለክርስቲያኑ እንዲሁ ያደርጋል። ደጋሹ ወጪው እጥፍ ይሆንበታል። ልዩነታቸውን ሳይክዱ ቦታ ሰጥተው የሚያስተናግዱት እንዲህ ነው፤ እኔ ከዚህ የበለጠ መከባበር አላየሁም። በመውሊድ ወደ ጀማ ንጉሥ ከሚወጣው ሕዝብ መካከል ክርስቲያን መገኘቱ፣ ለመስከረም 21 ወደ ግሸን ማርያም ለሚጓዘው ምእመን ሙስሊሙ የመንገድ ነዋሪ ውኃ ይዞ መቆሙ፣ በየቤቱ ሲሠራበት የኖረው ይህ ሥርዓት ወደ አደባባይ ሲወጣ ነው።

ሥርዓቱ በሰላም ጊዜ የተገነባ የሚመስለው ካለ ወደ ቦሩ ሜዳ ይመልከት። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. ከደሴ ብዙም በማይርቀው በዚያ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ ጠሩ፤ የወሎ ሙስሊምም እንዲጠመቅ ታዘዘ። መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ተባሉ፣ በኋላም ንጉሥ ሚካኤል ሆኑ፤ ልጃቸው ልጅ ኢያሱ የምኒልክ አልጋ ወራሽ ለመሆን በቃ። ሼህ ጦልሃን የመሳሰሉት ግን እምቢ ብለው ጦር አነሡ። የሞተው ሞተ፣ የተሰደደው ተሰደደ፣ የቀረውም ቀን ክርስቲያን ማታ ሙስሊም ሆኖ ኖረ። ዛሬ በኩራት ከምንቆጥረው የተደባለቀ የዘር ሐረግ ገሚሱ በፈቃድ ጋብቻ የመጣ ነው፤ ገሚሱ ግን የዚያ ትእዛዝ ውጤት ነው። ይህን የምጽፈው ፍቅሩን ለማቃለል አይደለም። እንደማምነው ሃይማኖት በጦር ሲታዘዝ በቤት ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ያየ ሕዝብ ነው በለቅሶና በሠርግ ላይ ይህን ያህል ጥንቃቄ ያበጀው። ከቁስል የመጣ ጥበብ ስለሆነ ክብሩ ይበልጣል እንጂ አያንስም።

ደግነቱ ደጃፍ ላይ የቆመባቸውም አሉ። ማረሻውን የሚቀጠቅጠው አንጥረኛ፣ ጀበናና ምጣድ የምትሠራው ሸክላ ሠሪ፣ ቆዳ የሚያለፋው፣ እነዚህ በወሎም እንደ ሌላው ደጋ «ቡዳ» እየተባሉ ከጋብቻና ከማዕድ ሲገለሉ ኖረዋል። በጀበናዋ ቡና የጠጣ ቤት ሠሪዋን ከቡናው አልጠራትም። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ከከሚሴ ወደ ደቡብ ትንሽ ወረድ ብላ በምትገኘው አጣዬ የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን፤ ከተማ ተቃጠለ፣ በአንድ ገበያ ሲገበያይ የኖረ ሰው ተገዳደለ። አጣዬ ሸዋ ነው ብሎ ራሱን የሚያጽናና ወሎዬ ሰምቻለሁ። መንገዱና ገበያው አንድ ነው። አበጋሮች ደም የተቃቡትን በዱዓና በምርቃት ሲያስታርቁበት የኖሩት ሥርዓት በዚያው አካባቢ እያለ ጠመንጃ ቀደመው። ሥርዓት ካልተጠበቀ ይፈርሳል፤ «የፍቅር አገር ነንና አይነካንም» ማለት ደግሞ ጠባቂውን ያስተኛል።

አሁን ወደ ዋጋው ልምጣ። በቤት ውስጥ ዋጋውን የምትከፍለው ሴቲቱ ናት። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ እንግዳው ሲጨዋወት ውኃውን ከምንጭ ያመጣችው፣ ቡናውን የቆላችው፣ እንጀራው እንዳያልቅ ሌሊት ሊጥ ያቦካችው እሷ ናት። ምስጋናው ለአባወራው ይደርሳል። ዝናው ከአገር ቤት ሲወጣ ደግሞ በእሷ ላይ ሌላ ነገር ይሆንባታል። አዲስ አበባ ውስጥ በሆቴል የምትሠራ ልጅ ወሎዬ መሆኗ ከታወቀ ፈገግታዋን እንደ ፈቃድ የሚቆጥር ደንበኛ አይጠፋም። እጇን የሚይዝ፣ «እናንተማ እሺ ባዮች ናችሁ» የሚል ወንድ ዐይቻለሁ። ስለ ውበቷና ስለ ገርነቷ ሲዘፈን የኖረው ሁሉ እሷ «ተው» የማለት መብት እንዳላት አላስተማረውም። ስንቶቹ ሴቶች ታዲያ ከዚህ ሽሽት በባቲ በኩል ወደ አፋር በረሃ ወርደው፣ ከኦቦክ ባሕር ተሻግረው፣ የመንን አቋርጠው ሳዑዲ ገብተዋል! በሰው ቤት ተዘግቶባቸው ሲሠሩ ስለ እንግዳ ተቀባይነታቸው የሚጨነቅ የለም።

አገሪቱም እንደዚሁ ናት። በ1965 እና 66 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ ረሃቡ ተደብቆ ነበር። ጥቅምት 1966 ጆናታን ዲምብልቢ የቀረጸው ፊልም እንግሊዝ አገር ቴሌቪዥን ላይ እስኪታይ ድረስ ብዙው ዓለም አላወቀም። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ። አማርትያ ሴን ይህን ረሃብ ባጠኑበት ሥራቸው ያመለከቱት ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል፦ ወሎ ሲራብ ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የሚወጣ እህል ነበር። ገበሬው ከብቱ አልቆ፣ አዝመራው ጠፍቶ፣ የሚገዛበት ገንዘብ ስለሌለው እህሉ ገንዘብ ወዳለበት ሄደ። የደሴን መንገድ ይዞ ልመና የወጣው ሕዝብ የጫነ መኪና ሲያልፍ እያየ ሞተ። አልዘረፈም። ይህን አንዳንዱ የጨዋነት ምስክር አድርጎ ይጠቅሰዋል። እኔ ለአገር ውርደት ነው የምለው፤ የሞቱት ሰዎች ጨዋ ስለነበሩ የሌላው ዕዳ አይቀልለትም።

ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ተደገመ። መስከረም 1977 ዓ.ም. አዲስ አበባ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በቀይ ባንዲራ ተሸልማ ስታከብር፣ ያን ጊዜ ወሎ ክፍለ ሀገር ውስጥ በነበረችው ቆረም ሰው በየሌሊቱ ይረግፍ ነበር። መፍትሔ ተብሎ የመጣው ሠፈራ 600 ሺህ ገደማ ሰው ከሰሜን አንሥቶ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋና መተከል ወሰደው፤ አብዛኛው ወሎዬ ነበር። በፈቃዱ የሄደ አለ፤ ከእርዳታ ጣቢያ ተገፍቶ የተጫነ፣ ከልጁ የተለየም አለ። ያ ሕዝብ በሰው አገር እንግዳ ሆነ። መሬት መነጠረ፣ በቆሎ አበቀለ፣ ወለደ፣ ቋንቋ ለመደ። ከዚያ በልጅ ልጆቹ ጊዜ ግድያው መጣበት። ሰኔ 2014 ዓ.ም. ምዕራብ ወለጋ ቶሌ ውስጥ ካለቁት ብዙዎቹ የእነዚያ ሠፋሪዎች ዘሮች ናቸው።

የተረፉት ወዴት ሄዱ? አያቶቻቸው በረሃብ ወደተነሡበት ወደ ወሎ ተመለሱ፤ ሐይቅ ከተማ አካባቢና ሰሜን ወሎ ጃራ ውስጥ በላስቲክና በቆርቆሮ መጠለያ ሠፈሩ። የተቀበላቸው ሕዝብ ራሱ ከጦርነት ገና የወጣ ነበር። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ከወልድያና ከአካባቢው ሸሽቶ ደሴ የገባውን ተፈናቃይ በየትምህርት ቤቱና በየሳሎኑ ያሳደረው የደሴ ሰው፣ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ከተማዋ ስትያዝ እሱም ተሰደደ ወይም ቤቱን ዘግቶ ተቀመጠ። ሲመለስ ሱቁ ተዘርፎ፣ ሆስፒታሉ ባዶ ሆኖ ጠበቀው። እንግዲህ የወለጋው ተፈናቃይ ሲመጣ እንጀራ ያዋጣው፣ ብርድ ልብስ ያወጣው ይህ ሰው ነው። ከእናቶች አንዷን «እስከ መቼ ትችሉታላችሁ?» ብዬ ጠይቄያት «አብሽር፣ አላህ ያውቃል» ብላኛለች። ፊቷ ላይ ድካም ነበር። ተፈናቃዩም ቢሆን የጎረቤት ምጽዋት እየጠበቀ ልጅ ማሳደግ አይፈልግም፤ ገበሬ ነው፣ የሚያርሰው መሬት ነው የሚጠይቀው።

የመንግሥት እንግዳ መጥቶ «የወሎ ሕዝብ እንደ ባህሉ ወገኑን ተቀብሏል» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አጨበጨብን። ዛሬ ቢሆን አላጨበጭብም። የቅሬ ገንዘብ ለቀብርና ለለቅሶ የተዋጣ ነው፤ በአገር ደረጃ የተፈጠረን መፈናቀል ሊሸከም አይችልም፣ ሊሸከምም አይገባውም። ለተፈናቃዩ በየወሩ የሚታወቅ ቀለብ፣ ለልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ለቤተሰቡ ደግሞ ወይ ደኅንነቱ የተረጋገጠ መመለሻ ወይ እዚሁ የሚታረስ መሬት፣ ከሁለቱ አንዱ ተቆርጦ ይነገረው። ሐይቅና ጃራ ሄዶ ንግግር የሚያደርግ ባለሥልጣን ሕዝቡን ስለ ደግነቱ ከማመስገኑ በፊት ስንዴው የሚደርስበትን ቀን ይናገር።