ለቴፕ የተቆረጠ ሽቦ ከመኪናው ዋጋ ይቆረጣል

በአዲስ አበባ ገበያ መኪና መጓጓዣ ብቻ ሆኖ አያውቅም። እንደ ቤትና እንደ ወርቅ ሁሉ ገንዘብ የሚቀመጥበት፣ ሲቸግር የሚሸጥ፣ ሲሞላ የሚለወጥ ሀብት ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ከጣለ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ፣ ቀድሞ የገባው ቪትዝም ሆነ ኮሮላ በቀላሉ የማይተካ ንብረት ሆኗል። በመሆኑም ገዢ ሞተሩን ያስፈትሻል፣ የሻንሲውን ቁጥር ከሊብሬው ጋር ያመሳክራል፣ ቀለሙን በጣቱ እየነካ «ይህ ጎን ተመትቷል» ብሎ ይከራከራል። ደላላውም እያንዳንዷን ጭረት ቆጥሮ ዋጋ ያስቀንሳል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ግን ዳሽቦርዱ ጋ ሲደርስ ይቆማል። ቴፑ ከኋላው በምን እንደ ተያያዘ የሚጠይቅ የለም። ከፋብሪካ የመጣው ሬዲዮ ወጥቶ በትልቅ ስክሪን ተተክቶ ከተገኘ እንዲያውም «ፉል ኦፕሽን ነው» ተብሎ ዋጋ ይጨመርበታል። ስክሪኑ ሲነቀል ግን ብዙ ጊዜ የሚታየው ሌላ ነው። የፋብሪካው ሶኬት ተቆርጦ ተጥሏል፤ ሽቦዎቹ በእጅ ተጠምዝዘው በናስትሮ ተጠቅልለዋል። ገበያው ለጉዳት እንደ ጌጥ እየከፈለበት ነው ማለት ነው። ይህ አሠራር መታረም ይኖርበታል። የተቆረጠ ሽቦ እንደ ተመታ በር ዋጋ ሊቀንስ፣ ያልተነካ ሽቦ ደግሞ ለባለቤቱ ዋጋ ሊያስገኝ ይገባል።

ለውጡ ምክንያት አለው

ባለመኪናው ቴፕ የሚያስለውጠው ለጌጥ ብቻ ነው ብሎ መፍረድ አይቻልም። ለጃፓን የአገር ውስጥ ገበያ የተሠራ የመኪና ሬዲዮ ለረጅም ዘመን የያዘው ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ያለውን የኤፍ ኤም ሞገድ ነው፤ በቅርብ ዓመታት የተሠሩትም እስከ 95 ቢደርሱ ነው። የአዲስ አበባ ታዋቂ ጣቢያዎች ግን ከዚያ በላይ ናቸው። ኤፍ ኤም አዲስ በ97.1፣ ፋና በ98.1፣ ሸገር በ102.1 ይሰማሉ። ከጃፓን ተነስቶ፣ ዱባይ ላይ መሪው ከቀኝ ወደ ግራ ተዛውሮ አዲስ አበባ የገባ ቪትዝ እንግዲህ ደኅና ሬዲዮ ይዞ ዲዳ ሆኖ ይውላል።

ለዚህ መላ ተብሎ በአንቴናው መስመር ላይ የሚገባ፣ ሞገዱን ወደ ታች የሚያወርድ ትንሽ ሣጥን አለ። ዋጋው አነስተኛ፣ ገጠማውም ቀላል ነው። ነገር ግን ከ87.5 እስከ 108 ያለው ሞገድ ስፋቱ 20.5 ሜጋኸርዝ ሲሆን የጃፓኑ ሬዲዮ የሚያስተናግደው 14 ብቻ ስለሆነ፣ የተወሰኑ ጣቢያዎች ከውጭ ይቀራሉ። የተያዙትም ቢሆኑ አንዳንዴ ይንሿሿሉ። ስልክ በብሉቱዝ ማነጋገር፣ የኋላ ካሜራ ማየትም የሚፈልግ ባለመኪና ስለዚህ ቴፑን ሙሉ በሙሉ ቢያስለውጥ አይፈረድበትም። ስህተቱ ያለው በመለወጡ ሳይሆን በአለዋወጡ ነው።

ቀለም አይቶ ማገናኘት

ከገበያ የሚገዛ ቴፕ ሽቦዎቹ በአብዛኛው በአንድ ዓይነት የቀለም ሥርዓት የተደረደሩ ናቸው። ቢጫው ሁልጊዜ ኃይል የሚያገኝና የጣቢያዎቹን ትውስታ የሚጠብቅ ነው። ቀዩ ቁልፍ ሲዞር ብቻ ኃይል ያገኛል። ጥቁሩ ወደ መኪናው ብረት የሚሄድ ኔጌቲቭ ነው። ነጭ፣ ግራጫ፣ አረንጓዴና ወይን ጠጅ ሽቦዎች ወደ አራቱ ስፒከሮች ይሄዳሉ፤ ጥቁር መስመር ያለባቸው ጥንዶቻቸው ደግሞ የየስፒከሩ ኔጌቲቮች ናቸው።

መኪና አምራቾች ግን ይህን ሥርዓት አይከተሉም። በብዙ የቶዮታ ሞዴሎች ሁልጊዜ ኃይል የሚያገኘው ሽቦ ቢጫ መስመር ያለበት ሰማያዊ ነው። ቁልፍ ሲዞር ኃይል የሚያገኘው ግራጫ፣ ኔጌቲቩም ቡናማ ነው። እዚያ ቀይ የሚባለው የቀኝ የኋላ ስፒከር ሽቦ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ አንድ ገጣሚ ግራጫውን ከግራጫው ቢያገናኝ፣ ቁልፉ በዞረ ቅጽበት 12 ቮልት በአዲሱ ቴፕ የድምፅ መውጫ በኩል ይገባና ያቃጥለዋል። ከዚያም ቴፑ «ፎርጂድ ነበር» ይባላል፤ ሻጭና ገዢም ይጣላሉ።

መፍትሔው ውስብስብ አይደለም። ቶዮታዎች በብዛት ባለ 10 እና ባለ 6 እግር ሶኬት አላቸው። ለእነዚህ የተዘጋጀ አዳፕተር በአንድ ወገን ከፋብሪካው ሶኬት ጋር ይሰካል፤ በሌላው ወገን ያሉት ሽቦዎች ከአዲሱ ቴፕ ሽቦዎች ጋር ጠረጴዛ ላይ፣ በተረጋጋ መንፈስ ይያያዛሉ። ከመኪናው አንድም ሽቦ አይቆረጥም። ባለቤቱ መኪናውን ሊሸጥ ሲነሳ አዲሱን ቴፕ ነቅሎ የፋብሪካውን በደቂቃዎች ውስጥ ሊመልስ ይችላል። ክፍተቱም ቢሆን መለካት አለበት። የተለመደው ባለ ሁለት ደረጃ ቴፕ 180 በ100 ሚሊ ሜትር ሲሆን የብዙ ቶዮታዎች ክፍት ቦታ 200 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። ይህን ሳያውቁ ገዝቶ ፕላስቲኩን በቢላ መላጥ የዳሽቦርዱንም ዋጋ ይዞ ይወርዳል።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ

የተቆረጠ ሽቦ ጉዳት በዕለቱ አይታይም፤ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው። ኮሮላ ያለው አንድ ነጋዴ ዓርብ ከሰዓት በኋላ አዲስ ቴፕ አስገጠመ እንበል። ገጣሚው ለፍጥነት ሲል ቢጫውንና ቀዩን ሽቦ አንድ ላይ አስሮ ከማይጠፋው መስመር ጋር አገናኘው። ቴፑ ይዘፍናል፤ ነጋዴውም ከፍሎ ይሄዳል። ይሁን እንጂ ቴፑ ቁልፍ ቢነቀልም አይጠፋም፤ ወይም ስክሪኑ ጨልሞ ውስጡ ሲሠራ ያድራል። ባትሪው በቀናት ውስጥ ይሞታል። ነጋዴው ባትሪ ይገዛል። ያም ሲሞት ዲናሞው ተጠርጥሮ ይፈታል። ሁለት ወጪ ካወጣ በኋላም ጥፋተኞቹ ሁለት ሽቦዎች በቦታቸው አሉ።

ሌላው የተለመደ ጥፋት የስፒከሩን ኔጌቲቭ ከመኪናው ብረት ጋር ማገናኘት ነው። በድሮ ቴፖች ይህ ይሠራ ነበር። የዛሬዎቹ ቴፖች ግን ሁለቱንም የስፒከር ሽቦዎች በኃይል ስለሚነዱ፣ አንዱ ብረት ሲነካ የድምፅ ክፍሉ ራሱን ይዘጋል ወይም ይቃጠላል። ከሁሉም የከፋው ደግሞ ባስ ለማጠናከር ተጨማሪ አምፕሊፋየር ሲገባ ነው። ወፍራሙ የኃይል ሽቦ ከባትሪው በቀጥታ ይሳባል፤ ፊውዙም ከባትሪው በ45 ሳንቲ ሜትር ርቀት ውስጥ መሆን ይኖርበታል። ፊውዝ ሳይኖረው በሞተሩ ግድግዳ ቀዳዳ ያለፈ ሽቦ ልባሱ ተፍቆ ብረት ከነካ ውጤቱ እሳት ነው። ይህ እንግዲህ ከዋጋ ክርክር ያለፈ፣ የነፍስና የንብረት ጉዳይ ነው።

ከፋብሪካው የራሱ አምፕሊፋየር ያላቸው መኪኖች ደግሞ የተለየ ጥንቃቄ ይሻሉ። በእነዚህ መኪኖች አዲሱ ቴፕ በርቶ ድምፅ የማይሰማው ብዙ ጊዜ አምፕሊፋየሩን የሚቀሰቅሰው ሽቦ ስላልተገናኘ ነው። አንዳንድ ገጣሚ ይህን ሲያይ አምፕሊፋየሩን ዘልሎ ስፒከሮቹን ከቴፑ ጋር በቀጥታ ያያይዛቸዋል። ከእነዚህ ስፒከሮች አንዳንዶቹ 2 ኦም ናቸው፤ ለ4 ኦም የተሠራ ቴፕ ሲጭኑበት ይግላል፣ ውሎ አድሮም ይበላሻል። በካርቶኑ ላይ «50 ዋት በ4» ተብሎ መጻፉም ሊያታልል አይገባም። ከመኪና ባትሪ በቀጥታ የሚነዳ ተራ ቴፕ በ4 ኦም ስፒከር ላይ ከ20 ዋት ብዙም ያልራቀ ንጹሕ ድምፅ ቢሰጥ ነው። ባለቤቱ ደኅና የፋብሪካ ድምፅ አስነቅሎ፣ ገንዘብ ከፍሎ፣ ያነሰ ድምፅ ይዞ ሊወጣ ይችላል።

የገጣሚዎቹ ክርክር

ኤሌክትሪሺያኖች ለዚህ መልስ አያጡም። አዳፕተር ለሁሉም ሞዴል አይገኝም፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ተወዷል ይላሉ። ደንበኛውም «ቶሎ ጨርስልኝ» ከማለት በቀር ለሶኬት መክፈል አይወድም ሲሉ ያክላሉ። በካውያና በሊድ በደንብ የተበየደ ሽቦ ላላ ካለ ርካሽ አዳፕተር ይሻላል የሚሉም አሉ።

ይህ ክርክር ከፊሉ እውነት ነው። በደንብ ተበይዶ በሙቀት በሚሰበሰብ ልባስ የተሸፈነ ግንኙነት ለዓመታት ያገለግላል። በፀሐይ በጋለ ዳሽቦርድ ውስጥ ሙጫው የሚቀልጠው ናስትሮ ግን ይህን አያደርግም። ዋጋን በተመለከተ ደግሞ ሒሳቡ ግልጽ ነው። አዳፕተር ከቴፑ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ወጪ ነው፤ ከባትሪ፣ ከዲናሞና ከዳሽቦርድ ሽቦ ጥገና ጋር ሲነጻጸር ደግሞ ከቁጥር አይገባም። ደንበኛው የማይከፍለው ስስታም ስለሆነ ሳይሆን ምርጫው ስላልተነገረው ነው። «በሶኬት ይህን ያህል፣ በመቁረጥ ይህን ያህል» ተብሎ ሁለት ዋጋ ቢቀርብለት፣ መኪናውን ነገ ሊሸጥ የሚያስብ ሰው የትኛውን እንደሚመርጥ መገመት አያዳግትም።

የኤሌክትሪክ መኪኖቹ ፈተና

ጉዳዩ ለአሮጌ መኪኖች ብቻ የተተወ አይደለም። ዛሬ በከተማው ጎዳናዎች ላይ የሚታዩት ከቻይና የመጡ ቢዋይዲና አይዲ መኪኖች ስክሪናቸው ብዙ ጊዜ ቻይንኛ ስለሚያወራ «ይለወጥልኝ» የሚል ባለቤት አይጠፋም። የእነዚህ መኪኖች ስክሪን ግን ቴፕ ብቻ አይደለም። እንደ ሞዴሉ የአየር ማቀዝቀዣው፣ የኋላ ካሜራው፣ የቻርጅ ሰዓቱና ሌላውም ቅንብር በእርሱ በኩል ይታዘዛል፤ ከመኪናው ሌሎች ክፍሎች ጋርም በመረጃ መስመር ይነጋገራል። እርሱን ነቅሎ ሌላ መትከል ከቪትዝ ቴፕ ጋር አንድ ሥራ አይደለም።

ድምፅ ብቻ የጎደለው ባለቤት የፋብሪካውን ስክሪን ሳይነካ፣ ከስፒከር መስመሩ ላይ ድምፅ የሚቀበል አምፕሊፋየር ማስጨመር ይችላል። ገጣሚውም የሚሠራው በትንሿ የ12 ቮልት ባትሪ መስመር ብቻ መሆኑን ማወቅ አለበት። ብርቱካናማ ቀለም ያላቸው ወፍራም ገመዶች የከፍተኛ ቮልቴጅ መስመሮች ስለሆኑ ሊነኩ አይገባም። በቪትዝ ላይ ሽቦ እየቆረጠ የለመደ እጅ እዚህ ሲደርስ ኪሳራው ከባትሪ አልፎ ሕይወት ሊሆን ይችላል።

ማን ምን ያድርግ?

ለውጡ ከገዢው መጀመር ይችላል። ገዢ ከመክፈሉ በፊት ቁልፉን ነቅሎ ቴፑ መጥፋቱን፣ መልሶ ሲያስነሳም ጣቢያዎቹን አለመርሳቱን ይመልከት። አራቱንም ስፒከሮች በየተራ ያዳምጥ። ከተቻለም ቴፑን አስወጥቶ ጀርባውን ይይ። ሶኬቱ ያልተነካ ከሆነና የፋብሪካው ሬዲዮ በፌስታል ተጠቅልሎ ከሊብሬው ጋር ከቀረበለት፣ የሚገዛው መኪና በጥንቃቄ የተያዘ ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው። ሽቦው ተቆርጦ ካገኘው ግን የጥገናውን ወጪ አስቦ ከዋጋው ላይ ያስቀንስ።

ደላላው ይህን ጥያቄ ከጎማና ከቀለም እኩል ቢያነሳው ራሱንም ይጠቅማል። የሸጠው መኪና በሳምንቱ ባትሪ ጨርሶ ሲመለስ የሚጠራው እርሱ ነውና። የዕቃ አስመጪዎችም ቴፑን ብቻ ሳይሆን ለቪትዝ፣ ለኮሮላና ለያሪስ የሚሆነውን አዳፕተር አብረው ቢያመጡ አዲስ ገበያ ያገኛሉ። ገጣሚ ቤቶች ደግሞ ምን ከምን ጋር እንዳገናኙና ስንት አምፔር ፊውዝ እንዳስገቡ በደረሰኝ ላይ ቢጽፉ፣ ሥራቸው ሲመሰገንም ሲወቀስም ማስረጃ ይኖረዋል።

ጥሩ ድምፅ መፈለግ ነውር አይደለም። ለሙዚቃው የከፈለው ሰው ግን ዝምተኛውን ወጪ አብሮ ሊያስብ ይገባዋል። ለሶኬት ያልወጣው ጥቂት ብር መኪናው በሚሸጥበት ቀን ከነወለዱ ይጠየቃል።