ለቪዛው የሚከፍለው ማን ነው?

ማሳሰቢያ፦ በየጁቤ፣ በቢቸና፣ በሞጣና በአካባቢው ለምትገኙ የግራፊክስ፣ የፋሽን፣ የቤት ውስጥና የሕንፃ ዲዛይን ባለሙያዎች፣ እንዲሁም ለወላጆቻችሁ።

የቅጥር ደብዳቤው የሚመጣው በቴሌግራም ነው። ሰላምታው «ውድ አመልካች» ይላል፤ ስም የለውም። ሥራው ሲኒየር ግራፊክ ዲዛይነር፣ ቦታው ለንደን፣ ደመወዙ በወር 1,800 ፓውንድ፣ ቤቱም ቪዛውም በድርጅቱ። ከታች ሰማያዊ ማኅተም፣ ከማኅተሙ ሥር ፊርማ፣ ከፊርማው ሥር ደግሞ «ቦታዎ እንዲያዝልዎ በ48 ሰዓት ውስጥ የፋይል ማስከፈቻ ይክፈሉ» የሚል መስመር አለ። ክፍያው በቴሌብር ነው። የለንደን ድርጅት፣ በቴሌብር!

በዚህ ደብዳቤ ሌላ ሰው ቢታለል አይፈረድበትም። ዲዛይነር ግን ዓይን አለው። ሎጎውን አጉልታችሁ እዩት፤ ወደ ጎን ተለጥጦ ሰፍቷል፣ ጠርዙም ተበጣጥሷል፤ ከድረ ገጽ ላይ በስክሪንሾት የተነሣ ነው። ደመወዙ በአንድ ፎንት፣ የሥራው መጠሪያ በሌላ ፎንት ተጽፏል። ፊርማው ዙሪያውን ነጭ ሳጥን ከቦታል፤ ጀርባውን ማንሣት እንኳ ሰንፈዋል። ማኅተሙ ደግሞ በደረሳችሁ ደብዳቤ ሁሉ ላይ በአንድ ዓይነት ማዕዘን ያዘመመ፣ ቀለሙም በአንድ ዓይነት ቦታ የሳሳ ነው። የሠርግ ባነር ላይ አንዲት ፊደል ብትዛነፍ የሚያመው ልጅ ይህን ሳያየው ቀርቶ አይመስለኝም፤ ለንደን የምትለዋ ቃል ዓይኑን ጋረደችው እንጂ።

ዓይን ያሳለፈውን ሒሳብ ይይዘዋል። በወር 1,800 ፓውንድ በዓመት 21,600 ነው። እንግሊዝ ከሐምሌ 15 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለሠለጠነ ሠራተኛ ቪዛ የምትጠይቀው አጠቃላይ የደመወዝ ወለል በዓመት 41,700 ፓውንድ ሲሆን፣ ለጀማሪዎች የተፈቀደው ዝቅተኛ ወለል እንኳ ከ33,000 በላይ ነው። ስለዚህ ሥራው በእውነት ቢኖር ኖሮ በዚህ ደመወዝ ቪዛ አያስገኝም ነበር። «የስፖንሰርሺፕ ሰርተፍኬት» ብለው በወርቃማ ጠርዝ አስጊጠው የሚልኩትም አለ። የእንግሊዙ የስፖንሰርሺፕ ሰርተፍኬት ወረቀት የለውም፤ አሠሪው በመንግሥት ሥርዓት ውስጥ የሚያስመዘግበው ኤሌክትሮኒክ መዝገብ ነው፤ ለሠራተኛው የሚሰጠው የመዝገቡ ቁጥር ነው። ጌጡ በበዛ ቁጥር ጥርጣሬያችሁም ይብዛ።

ስፖንሰር የማድረግ ፈቃድ ያላቸውን ድርጅቶች ዝርዝር የእንግሊዝ መንግሥት በነፃ ያወጣዋል። ስሙ እዚያ ከሌለ ነገሩ አበቃ። ስሙ ከተገኘም ገና አላለቀም፤ አጭበርባሪ ስም የሚዋሰው ከዚያው ዝርዝር ነው። ድርጅቱን በራሱ ድረ ገጽ ላይ ባለው አድራሻ ጠይቁ። ደብዳቤው ላይ በተጻፈው ስልክ መደወል ሌባን «ሰርቀሃል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ስፖንሰር አድርጌሃለሁ ያለ ሰው ብር ከጠየቃችሁ ስፖንሰር አላደረጋችሁም። ካናዳ ውስጥ አሠሪው የውጭ ሠራተኛ ለመቅጠር ለሚያስፈልገው የሥራ ገበያ ግምገማ በአንድ ቦታ 1,000 የካናዳ ዶላር ይከፍላል፤ ይህን ከሠራተኛው ማስመለስ ክልክል ነው። የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ የ2021 የሠራተኛ ሕግም አሠሪ የቅጥር ወጪን በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ከሠራተኛ እንዳይሰበስብ ይከለክላል። ለዱባይ «የሥራ ቪዛ» ተብሎ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ የጉብኝት ቪዛ ነው፤ ቀኑ ሲያልቅ ቅጣቱ የሚቆጠረው በባለ ፓስፖርቱ ላይ ነው። ሩቅ ሳንሄድ የራሳችን የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የቪዛን፣ የደርሶ መልስ ትኬትን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድን፣ የመድን ዋስትናን ወጪ በአሠሪው ላይ ጥሏል። ለሠራተኛው የቀሩት እንደ ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራ፣ የልደት ምስክር ወረቀትና ከወንጀል ነፃ ማስረጃ ያሉ የራሱ ሰነዶች ናቸው። የነዚህን ክፍያ ራሳችሁ አገልግሎቱን ለሚሰጠው ተቋም ትከፍላላችሁ እንጂ ለደላላ አትሰጡም።

አሜሪካ የባሰ ነው። ኤች ዋን ቢ የሚባለው የባለሙያ ቪዛ በመደበኛው ኮታ በዓመት 85,000 ሰው ብቻ ይወስዳል፤ ምዝገባው በፈረንጆቹ ማርች፣ ዕጣ አለው፣ የሚያስመዘግበው አሠሪው ነው፤ ሥራው የሚጀመረው ከኦክቶበር ነው። ስለዚህ «በ45 ቀን አሜሪካ» ያላችሁ ሰው ዋሽቷል። መስከረም 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተፈረመው የፕሬዚዳንቱ ውሳኔ ደግሞ ከአገሪቱ ውጭ ላለ አዲስ ሠራተኛ የሚያመለክት አሠሪ 100,000 ዶላር እንዲከፍል ተጠይቋል። ሥራውን አይቶ ለማያውቀው የሎጎ ሠሪ ይህን ሁሉ የሚያወጣ አነስተኛ ስቱዲዮ ካለ፣ እኔም አድራሻውን ብታካፍሉኝ ደስ ይለኛል።

ብር መበላት ግን የጉዳቱ ትንሹ ነው። የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም. በምያንማር የሚንቀሳቀስ አንድ ታጣቂ ቡድን ከኢንተርኔት ማጭበርበሪያ ማዕከላት የወጡ 260 ሰዎችን ለታይላንድ አስረከበ። ከነዚህ ውስጥ 138ቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ወደነዚህ ማዕከላት የሚገቡት ተምረው፣ እንግሊዝኛና ኮምፒውተር ችለው፣ «ታይላንድ ጥሩ የቢሮ ሥራ አለ» የተባሉ ወጣቶች ናቸው። ባንኮክ ላይ በመኪና ተቀብለው ወደ ምያንማር ድንበር ይወስዷቸዋል፤ የድንበሩን ወንዝ ከተሻገሩ በኋላ ፓስፖርታቸው ይቀማል። ሥራው በሐሰት ስም ፍቅር እየሰበኩ የማያውቁትን ሰው በክሪፕቶ መዝረፍ ነው። እምቢ ያለ ይደበደባል፣ ለመውጣት የጠየቀ ቤተሰቡ ማስለቀቂያ ይጠየቅበታል። የሐሰት ፕሮፋይል፣ የሐሰት ድረ ገጽ፣ የሐሰት ማስታወቂያ የሚሠራው እጅ ደግሞ የእናንተ ዓይነት እጅ ነው። የሥራ ቦታው እስያ ሆኖ የመግቢያው ቪዛ የቱሪስት ከሆነ፣ ትኬቱ በእጃችሁ ቢገባም እንኳ አትሳፈሩ።

ለወላጆች። «ፕሮሰስ ላይ ነኝ» የሚል ልጅ ቀብድ ሲጠይቃችሁ በሬ ከመሸጣችሁ፣ ዕቁብ ከማስቀደማችሁ፣ መሬት ከማከራየታችሁ በፊት ውሉን ሌላ የተማረ ሰው ያንብበው። አገናኙ የአገር ልጅ፣ የዘመድ ዘመድ መሆኑ ዋስትና አይሆንም፤ ብዙ ጊዜ እሱም ተታልሎ ነው የሚያታልለው፣ ወይም በሰው ቁጥር ኮሚሽን ይቆረጥለታል።

ብር የማይጠይቅም አለ። «ለፈተና» ብሎ ሙሉ የብራንድ ሥራ፣ አሥር ፖስተር፣ ምንጩን ፋይል ጨምሮ ያሠራችሁና ይጠፋል፤ ሥራው በኋላ በሌላ ስም ይሸጣል። እውነተኛ ቀጣሪ በመጀመሪያ የሚያየው ፖርትፎሊዮአችሁን ነው። ፈተና ከሰጠም አጭር ነው፣ ምንጩን ፋይልም አይጠይቅም። የታሸገ ፋይል ልኮ «የሥራው ዝርዝር እዚህ ውስጥ ነው» የሚላችሁንም ኮምፒውተራችሁ ላይ አትክፈቱ፤ የይለፍ ቃል የሚሰርቅ ፕሮግራም የሚገባው በዚያ ነው። የፓስፖርትና የፋይዳ ፎቶም ከቃለ መጠይቅ በፊት አይላክም።

ለፎቶ ቤቶችና ለባነር ማተሚያዎች አንድ ቃል። የሐሰት ደብዳቤ ሁሉ ለንደን አይሠራም። ማታ ላይ ደጃችሁ መጥቶ «ይቺን ስም ቀይርልኝ፣ ይቺን ማኅተም አንሣልኝ» የሚል ደንበኛ፣ ወይም በሌላ ሰው ዲፕሎማ ላይ የራሱን ስም የሚያስገባ፣ ሲያዝ መጀመሪያ የሚጠራው የሠራለትን ነው። ሰነድ ማስመሰል ወንጀል ነው፤ በሰው ከመነገድ ጋር ከተገናኘ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 የሚያስጠይቅ ይሆናል። የሁለት መቶ ብር ሥራ ነው ብላችሁ አትናቁት። ኤምባሲ ሐሰተኛ ሰነድ ካገኘም አመልካቹ ለዓመታት ሊታገድ ይችላል፤ ሰነዱ ሐሰት መሆኑን አላውቅም ነበር ማለትም ሁልጊዜ አያድንም።

መንገድ የለም ማለቴ አይደለም። የሕንፃ ወይም የፋሽን ዲዛይን ዲግሪ ያለው ሰው፣ ጀርመን የውጭ አገር ዲግሪን የምትመዝንበትን አናቢን የተባለ ክፍት መዝገብ በነፃ አይቶ ዩኒቨርሲቲው እንዴት እንደተመደበ ማወቅ ይችላል። በዩቲዩብ ተምሮ ፎቶሾፕና ፊግማ የቻለ ግን ዲግሪ የሌለው ልጅ፣ አብዛኛው የባለሙያ ቪዛ እንደማይመለከተው ይወቀው፤ ለእሱ የሚያዋጣው ባለበት ሆኖ ለውጭ ደንበኛ በርቀት መሥራት ነው። በኤጀንሲ የምትሄዱ ከሆነ፣ ፈቃድ ያለው መሆኑን በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ወይም በወረዳችሁ የሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት ጠይቁ።

ብሩን አስቀድማችሁ የከፈላችሁ ካላችሁ፣ ሁለተኛውን ክፍያ አቁሙ። «ትንሽ ቀርቷታል፣ ይቺን ከከፈልክ ሁሉም ይመለስልሃል» የሚለው ዘወትር የሚከተል ነው። የቴሌግራሙን ንግግር አታጥፉ፤ የተላከበትን ስልክ ቁጥር፣ የቴሌብሩን ወይም የባንኩን ደረሰኝ፣ ደብዳቤውን ራሱን በሌላ ስልክ ላይ አስቀምጡና በዚያው ቀን ለፖሊስ አመልክቱ። ባንኩንም አብራችሁ አሳውቁ፤ ብሩ ከተቀባዩ ሒሳብ ሳይወጣ ከተደረሰበት ሊታገድ ይችላል።