ከጓዳችን የሚወጣው የጾም ማዕድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ውድ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ልጆችና ምእመናን፤ ጾም በገባ ቁጥር ሁለት ዓይነት ቤቶችን እናያለን። በአንደኛው የጾም ኬክ፣ የጾም ቅቤ፣ በየዓይነቱ የተጠበሰና የተቁላላ ይቀርባል፤ ወጪውም ከፍስኩ ወራት ይበልጣል። በሁለተኛው በኪራይ ቤት ብቻውን የሚኖር ወጣት ከሥራ ወይም ከትምህርት ደክሞ ይገባና ዳቦ በሻይ ቀምሶ ይተኛል። የፊተኛው ጾሙን ድግስ አደረገው፤ የኋለኛው ደግሞ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ «ጾም አልተስማማኝም» ይላል። እኔም ከወላጆቼ ቤት በወጣሁበት የመጀመሪያ ዓመት እንዲሁ ብዬ ነበር። ያልተስማማኝ ግን ጾሙ ሳይሆን ስንፍናዬ ነበር። ለሁለቱም ቤቶች መልሱ አንድ ይመስለኛል፤ እርሱም በጓዳችን የተቀመጠው ጥራጥሬ ነው።

ነቢዩ ዳንኤልና ሦስቱ ወጣቶች በባቢሎን ሳሉ የንጉሡን መብል ትተው ጥራጥሬና ውኃ እንዲሰጣቸው ጠየቁ፤ ለ10 ቀንም እንዲፈተኑ ለመኑ። ከ10 ቀን በኋላ ከንጉሡ ማዕድ ከበሉት ይልቅ ፊታቸው አምሮ ተገኘ (ዳን. 1፥8-16)። ያከበራቸው እግዚአብሔር ነው፤ ነገር ግን ያከበራቸው በጥራጥሬ ገበታ ላይ ሳሉ እንደ ሆነ ልብ በሉ። በአንጻሩ ኤሳው በኵርናውን የሸጠው በምስር ወጥ ነው (ዘፍ. 25፥29-34)። ምስሩ ኤሳውን አላረከሰውም፤ ያዋረደው መብልን ከበረከት ማስቀደሙ ነው። እንግዲህ ልዩነቱ ከድስቱ ሳይሆን ከልብ ነው። ማዕዳችን የጾም ምግብ ብቻ ስለ ሆነ ጾምን አንበል፤ ሆድ ጌታ ከሆነ በአትክልትም ኤሳውን መሆን ይቻላልና።

«ስለ ድስት መጻፍ ለመንፈሳዊ ትምህርት ይገባልን?» የሚል አይጠፋም። ሐዋርያት ግን ማዕድን የሚያገለግሉ ሰዎችን በመረጡ ጊዜ መንፈስ ቅዱስና ጥበብ የሞላባቸውን ሰባት ሰዎች ፈለጉ (ሐዋ. 6፥1-6)። ማዕድ ጥበብ ይሻል። ስለዚህ የቦሎቄ ሾርባ እንዴት እንደሚሠራ ብጽፍላችሁ አትገረሙ።

ማታ 2 ብርጭቆ ቦሎቄ ለቅማችሁ በብዙ ውኃ ዘፍዝፉ። በማግሥቱ ያደረበትን ውኃ ደፍታችሁ እጠቡትና በአዲስ ውኃ ጣዱት። ቦሎቄ፣ ይልቁንም ቀዩ፣ በደንብ ሳይበስል ቢበላ ሆድን ክፉኛ ያውካል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ቢያንስ ለ10 ደቂቃ በኃይለኛ እሳት ይንተክተክ። ከዚያም እሳቱን ቀንሳችሁ፣ ፍሬው በጣት ሲጫኑት እስኪፈርስ ቀቅሉት፤ ይህ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ሊወስድ ይችላል። በሌላ ድስት አንድ ራስ ሽንኩርት ከትፋችሁ አቁላሉ፤ 2 ማንኪያ ዘይት፣ ሦስት አራት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ ጥቂት ዝንጅብልና እርድ ጨምሩበት። ካሮትና ድንች ካለ በትንንሹ ቆርጣችሁ ክተቱ፤ ከሌለም ይቅር። ቦሎቄውን ከነመረቁ ገልብጡበትና ጥቂቱን በማንኪያ ጀርባ ደፍጥጡት፤ ሾርባው ይወፍራል። ቲማቲምና ሎሚ ፍሬው ከበሰለ በኋላ ይግቡ፤ ኮምጣጣ ነገር ቀድሞ ከገባ ቶሎ አይለሰልስምና። ጨዉን አስተካክላችሁ አውጡ፤ ከእንጀራ ወይም ከዳቦ ጋር ለአምስት ሰው ይበቃል። ጊዜ ላጠረው ደግሞ ምስር አለለት፤ መዘፍዘፍ ሳያሻው በግማሽ ሰዓት ገደማ ይደርሳል።

ጥቅሙም ቀላል አይደለም። ሥጋና ወተት ከማዕድ በሚርቁበት ወራት ጥራጥሬ ሰውነትን ይገነባል፤ ብረትና አሰርም ይሰጣል። ከእንጀራ ወይም ከዳቦ ጋር ሲበላ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላል። ሎሚው ሰውነት ብረቱን እንዲቀበል ይረዳል፤ ከምግብ ጋር የሚጠጣ ቡናና ሻይ ግን ይህን ይቀንሳልና ጥቂት ብታቆዩት መልካም ነው። ከቅዳሴ መልስ ባዶ ለዋለ ሆድም በዘይት ከተጠበሰ ነገር ይልቅ ትኩስ ሾርባ ይስማማዋል። የታመማችሁ፣ ነፍሰ ጡሮችና የምታጠቡ እናቶች ግን በራሳችሁ ፈቃድ ብቻ አትወስኑ፤ የንስሐ አባታችሁንና ሐኪማችሁን አማክሩ።

«ሾርባ የበሽተኛ ምግብ ነው፤ ለእንግዳ ቢቀርብ ያሳፍራል» የምትሉም ትኖራላችሁ። ንጉሥ ዳዊት ከልጁ ከአቤሴሎም ሸሽቶ በምድረ በዳ በደከመ ጊዜ ወዳጆቹ ካመጡለት መካከል ባቄላና ምስር ይገኙበታል (2ሳሙ. 17፥27-29)። ለንጉሥ የቀረበ ለእኛ አያሳፍርም። ሰዎቹ ያሰቡት የማዕዱን ክብር ሳይሆን የሕዝቡን ረኃብ ነበር።

የጽሑፌም ዋና ነገር ይህ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። በእነዚህ ቀናት ከኬኩና ከጥብሱ ወደ ቦሎቄው ብንመለስ በእጃችን ጥቂት ገንዘብ ይቀራል። ያ ገንዘብ የማን ነው? በነቢዩ ኢሳይያስ ቃል እግዚአብሔር የመረጠው ጾም እንጀራን ለተራበ መቁረስን ይጨምራል (ኢሳ. 58፥6-7)። ከምግባችን ቀንሰን በኪሳችን ከደበቅነው ቆጠብን እንጂ ጾምን ሊባል አይችልም። የተረፈው የድኃው ድርሻ ነው።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፤ በሚመጣው ረቡዕ ዋዜማ አንድ ብርጭቆ ጨምራችሁ ዘፍዝፉ። ያቺ ብርጭቆ የጎረቤት እናት፣ ብቻውን የሚኖር ጓደኛችሁ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚቀመጥ ወንድማችሁ ናት። ሾርባው ሲደርስ በሳህን ይዛችሁ ሂዱ፤ ተመልሳችሁ ጸልያችሁ የራሳችሁን ብሉ። ያን ጊዜ ማዕዳችሁ የጾም ማዕድ ይሆናል።

ጾሙን ለበረከት ያድርግልን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር።