ትኩሳቱ በረደ ማለት ወባው ለቀቀ ማለት አይደለም

ውድ ወላጆች፣ «ልጁ ተሽሎታል፤ የተረፈውን ክኒን ለሌላ ጊዜ እናስቀምጠው» የሚለውን ልማድ ዛሬውኑ እንተወው። ይህ ቁጠባ አይደለም፤ ለወባ ቀለብ መስፈር ነው።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። የወባ ተህዋስ ቀይ የደም ሴል ውስጥ ገብቶ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ይበላል። ዋና ምግቡ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ነው፤ በሴሉ ውስጥ ካለው ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ይፈጨዋል። ይህ አልበቃ ብሎት የሴሉን ግድግዳ አዲስ ቀዳዳ እያበጀ ከልጁ ደም ሌላ ንጥረ ነገር ያስገባል። ስኳሩንም ጤነኛ ሴል ከሚወስደው በብዙ እጥፍ ይወስዳል። ልጁ የሚገረጣውና የሚዝለው ያለ ምክንያት አይደለም። በላተኛው ሳይወጣ «ደም ይተካለታል» ብሎ የቀይ ሥር ጭማቂ ማጠጣትም አያድነውም።

ተህዋሱ በልቶ ሲራባ፣ በ48 ሰዓት ገደማ ሴሉን አፈንድቶ ይወጣና ሌሎች ሴሎችን ይወርራል። ትኩሳቱ በዋናነት የሚነሣው በዚህ ፍንዳታ ነው። ስለዚህ ትኩሳቱ የበረደው ተህዋሱ በአዲስ ሴል ውስጥ ማዕድ ላይ ስለተቀመጠ ሊሆን ይችላል።

«መድኃኒት ሲበዛ ይጎዳል» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ከታዘዘው በላይ ይጎዳል። ከታዘዘው በታች ግን ጠላትን አቁስሎ መተው ነው። ኮአርተም ሁለት መድኃኒት በአንድ ላይ ነው። አንዱ አርቴሜተር፣ ተህዋሱ ሄሞግሎቢን ሲፈጭ በሚወጣው ብረት ነቅቶ ብዙውን ቶሎ ይገድላል፤ ግን ከሰውነት ቶሎ ይወጣል። የቀረውን የሚለቅመው ሉሜፋንትሪን ነው፤ እርሱም ሥራውን የሚጨርሰው 6ቱም ዶዝ በ3 ቀን ሲወሰድ ነው። ለዚያውም ቅባት ይፈልጋልና ከወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ስጡት። የታዘዘው ሌላ የወባ መድኃኒት ከሆነም እስከ መጨረሻው ቀን ይወሰድ።

የተረፈው ክኒን ለታናሹም አይሆንም፤ ዶዙ የሚለካው በክብደት ነው፤ ግማሽ ሕክምናም ሕክምና አይደለም።

ልጁ ካንቀጠቀጠው፣ ራሱን ከሳተ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የዋጠውን ሁሉ ካስመለሰ ወይም ሽንቱ ከጠቆረ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ጎረቤት «ተሽሎታል፣ ተዉት» ሲላችሁ፣ ክኒኑን ቆጥራችሁ መልሱለት፦ «ገና አልጨረሰም።»